ከአጣጥ የወጣው መርዝና የጡት ካንሰር ሕክምና

ካድሳይላ የሚባል የጡት ካንሰር መድኃኒት አለ። ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ የካንሰር ማዕከላት በደም ሥር ይሰጣል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድለው በውስጡ የተጫነ ኃይለኛ መርዝ ነው። የዚህ መርዝ ምንጭ የሆነው ማይታንሲን የተባለ ውህድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ቁጥቋጦ ነው፤ ከአጣጥ ወገን። ገበሬው ለአጥር የሚተወው፣ ለማገዶ የሚቆርጠው፣ ቅጠሉንና ሥሩን የባህል ሐኪሞች የሚያውቁት፣ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የሚባለው አጣጥ።

ይህ ታሪክ ሲነሳ ሰሚውን ወይ ቁጭት ወይ ኩራት ይይዘዋል። ሁለቱም መሠረት አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ አሁን እያረጀ፣ ዋጋውም በአንዳንድ አገር እየወረደ ነው። እኛ ዘንድ የሚደርስበት ቀን ሲመጣ፣ መድኃኒቱ የሚያስፈልጋት ሴት የትኛዋ እንደሆነች መለየት እንችላለን ወይ? ዛሬ ባለው አያያዛችን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አንችልም» ነው። ይህን አቅም ደግሞ ማንም አልወሰደብንም፤ ሳንገነባው የቀረን እኛው ነን።

ነገሩ የጀመረው በ1960 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከአገሩ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስሰበሰበ ፀረ ካንሰር ኃይል ይኖራቸው እንደሆነ ማስመርመር ጀመረ። ከማዳጋስካር አበባ የተገኙት ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን በዚያው ዘመን የደም ካንሰር ሕክምናን መለወጥ ጀምረው ስለነበር ፍለጋው ተስፋ ነበረው። በሁለት አስርት ዓመታት ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ዓይነቶች ተፈተኑ። እጅግ የሚበዙት ምንም አልተገኘባቸውም። ዛሬ በአገራችንም የሚሰጠው ፓክሊታክሴል ከአንድ የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት የወጣው በዚህ ፍለጋ ነው። ማይታንሲንም የዚሁ ፍለጋ ውጤት ነው።

ከኢትዮጵያ የሄደው ናሙና ሞሪስ ኩፕቻን የሚባሉ ኬሚስት እጅ ገባ። ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውህዱን ለይተው፣ ቅርጹን አውቀው በ1972 አሳተሙ። በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከአንድ ኪሎ የደረቀ ተክል የሚገኘው 0.2 ሚሊግራም ብቻ። አንድ ግራም ለማግኘት አምስት ሺህ ኪሎ ያስፈልጋል ማለት ነው። በኋላ በኬንያ ሺምባ ሂልስ የሚበቅል ሌላ የዚሁ ወገን ተክል የተሻለ መጠን እንዳለው ሲታወቅ፣ ከዚያ ጥብቅ ሥፍራ ከ27 ቶን በላይ ተነቅሎ ለምርምር ተጫነ። ከኮረብታው ላይ ያ ሁሉ ተነቅሎ የተገኘው ውጤት በግራም የሚለካ ነበር።

ማይታንሲን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አስደናቂ ነበር። የካንሰር ሕዋሳትን በመግደል በጊዜው ከነበሩት የኬሞ መድኃኒቶች ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ተስፋው ከሸፈ። በ1970ዎቹ ማብቂያ በተደረጉት ሙከራዎች ሕመምተኞቹ በማስታወክ፣ በተቅማጥ፣ አልጋ በሚያስይዝ ድካምና በነርቭ ጉዳት ተሠቃዩ፤ ካንሰራቸው የቀነሰላቸው ጥቂት ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው ቆመ። ኩፕቻን ይህን አላዩም፤ በ1976 አርፈዋል።

የሽንፈቱን ምክንያት ለመረዳት መርዙ ሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የዘር መረጃውን የያዙትን ክሮሞሶሞች በእጥፍ ያባዛል። ከዚያ እኩል ከፍሎ ወደ ሁለት ወገን የሚስብባቸው ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋል። ክሮቹ የሚሠሩት ቲዩቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ አንዱ ቅንጣት በሌላው ላይ እየተደረደረ ክሩ ይረዝማል። ማይታንሲን ቲዩቡሊኑ ላይ ተለጥፎ ድርደራውን ያግዳል። ክሮሞሶሞቹ ተባዝተው፣ የሚስባቸው ጠፍቶ፣ ሕዋሱ በመከፈል መካከል ተገትሮ ይቀርና ይሞታል። ችግሩ፣ የሚከፈለው የካንሰር ሕዋስ ብቻ አለመሆኑ ነው። የአንጀት ሽፋን በየጊዜው ይታደሳል፤ መቅኔ ያለማቋረጥ ደም ያመርታል። የማይከፈሉት ነርቮች እንኳ ረጅም ጅማታቸውን የሚመግቡት በእነዚሁ የቲዩቡሊን ቱቦዎች ነው። መርዙ ደም ውስጥ እንደገባ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ። «አጣጥ ካንሰር ያድናል» የሚል ወሬ ከዚህ ታሪክ ተቆርጦ ሊነገር ይችላል፤ ውሸት ነው። በተክሉ ውስጥ ያለው ውህድ ወይ የማይጠቅም ኢምንት ነው፣ ወይ መጠኑ ከበዛ ራሱ መርዝ ነው። ንጹሕ ሆኖ፣ በሚሊግራም ተለክቶ፣ በሐኪም ክትትል የተሰጣቸው ሰዎች እንኳ አልቻሉትም። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት አጣጥ ቀቅላ ስትጠጣ የምታጠፋው ወራት ካንሰሩ ወደ ንፍፊትና ወደ ጉበት የሚዘምትበት ወራት ነው። ተክሉ ለሕክምና የበቃው ሳይቀየር አይደለም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከማይታንሲን ጋር በጣም የሚቀራረብ፣ አንሳማይቶሲን የተባለ ውህድ አንድ ባክቴሪያ ሲያመርት አገኙ። ይህ ግኝት ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛ፣ ኮረብታ መመንጠር ቀረ፤ ባክቴሪያውን በትልልቅ ጋን እያፈሉ የፈለጉትን ያህል ማምረት ተቻለ። ሁለተኛ፣ ተክሎቹም ቢሆኑ ውህዱን የሚያገኙት በውስጣቸው ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ተነሳ፤ በደቡብ አፍሪካ ዘመድ ተክሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህን ደግፈዋል። ተክሉ ከሥራው ወጣ፤ ውህዱ ግን ሥራ አላገኘም ነበር።

ሥራ የሰጠው የቆየ ሐሳብ ነው። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በሽታውን ብቻ ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት ሊኖር እንደሚችል አስበው ነበር። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የተገኘው በ1975 ነው፤ ኮኽለርና ሚልስታይን አንድ ዓይነት ዒላማ ብቻ የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላትን በላቦራቶሪ ማምረት ቻሉ፤ በ1984 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዒላማው ደግሞ በጡት ካንሰር ውስጥ በግልጽ ታየ። ሎስ አንጀለስ የሚሠሩት ዴኒስ ስሌመንና ባልደረቦቻቸው በ1987፣ ከጡት ካንሰሮች በከፊሉ ላይ ኸር2 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን ከልክ በላይ እንደሚበዛ፣ በሽታውም በእነዚህ ሴቶች ላይ እንደሚከፋ አሳዩ። እንዲህ ያለው ካንሰር ከመቶ የጡት ካንሰር ከ15 እስከ 20 የሚሆነው ነው። ይህን ተቀባይ የሚይዘው ትራስቱዙማብ፣ በንግድ ስሙ ሄርሴፕቲን፣ በ1998 ተፈቀደ።

የኢሚዩኖጅን ኩባንያ ኬሚስቶች፣ ራቪ ቻሪን ጨምሮ፣ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ጠየቁ። ብቻውን ሲሰጥ ሰውን የሚያሠቃየው ማይታንሲን፣ ዒላማውን በሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ታስሮ ቢላክስ? በ1992 እንዲህ ያለውን ጥምረት በላቦራቶሪ አሳዩ። ከባዱ ነገር መርዙን ማግኘቱም፣ ዒላማውን ማወቁም አልነበረም፤ ማሰሪያው ነበር። እንደ አጋሰስ ጭነት ነው፤ መንገድ ላይ ከተፈታ ይበተናል፣ ደጃፍ ደርሶ የማይፈታ ከሆነም ለማንም አይጠቅምም። በደም ውስጥ ለቀናት ሳይፈታ የሚቆይ፣ የካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን መርዙን የሚለቅ ማሰሪያ ለማግኘት ዓመታት ፈጀ።

በመጨረሻ የተሠራው ካድሳይላ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የትራስቱዙማብ ሞለኪውል ላይ በአማካይ ሦስት ተኩል ያህል የመርዙ ሞለኪውሎች ይታሰራሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ የካንሰሩ ሕዋስ ላይ ያለውን ኸር2 ይይዛል። ሕዋሱ የተያዘውን ተቀባይ ከነያዘው ይውጠዋል፤ ላይሶሶም ወደሚባለው የመፍጫ ክፍሉ ያስገባዋል። እዚያ ፀረ እንግዳ አካሉ ሲፈጭ መርዙ ነፃ ይወጣና ቲዩቡሊኑን ያገኘዋል። በ1970ዎቹ ሕመምተኞችን ያሠቃየው ያው ኃይል አሁን በአብዛኛው የሚፈታው በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ነው። «በአብዛኛው» ያልኩት አውቄ ነው፤ ካድሳይላ የደም አርጊ ሕዋሳትን ያሳንሳል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል።

ውጤቱስ? ጋዜጦች እንዲህ ያለውን ነገር «ተአምር» ለማለት ይቸኩላሉ። ቁጥሮቹን ማየት ይሻላል። መድኃኒቱን ያስፈቀደው ሙከራ ካንሰሩ የተሠራጨባቸውን 991 ሕመምተኞች ያካተተ ነበር። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ በካድሳይላ 9.6 ወር፣ በጊዜው በነበረው ሕክምና 6.4 ወር፤ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ደግሞ 30.9 ወር ከ25.1 ወር ጋር። የወራት ጉዳይ ነው። ወራቱን አላቃልልም፤ ልጇ እስኪመረቅ መቆየት ለምትፈልግ እናት ስድስት ወር ገደማ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ሙከራ ነው። በዚህኛው የተካተቱት 1,486 ሕመምተኞች በሽታቸው ገና ያልተሠራጨ፣ ከቀዶ ጥገና በፊት ሕክምና ወስደው የካንሰር ቅሪት የተገኘባቸው ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የተገኙት ካድሳይላ ከወሰዱት 88.3 በመቶ፣ ትራስቱዙማብ ብቻውን ከወሰዱት 77 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ሴቶች የአሥራ አንዱ ዕጣ ተለወጠ ማለት ነው። ይህ ውጤት የታየው በሽታው ቀድሞ በተገኘባቸውና ዓይነቱ በታወቀባቸው ሴቶች ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ገንዘቡም አብሮ መጣ። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ በወር 9,800 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። እንግሊዝ እንኳ ደነገጠች፤ የመድኃኒት ዋጋና ጥቅም የሚመዝነው ተቋሟ በ2014 ለአንድ ሕመምተኛ ከ90 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። በ2017 የመድኃኒቱ ባለቤት ኩባንያ ዋጋ ሲቀንስ ተቀበለ። ሀብታም አገር «ውድ ነው» ብሎ ተደራድሮ ማስቀነሱን ልናስታውሰው ይገባል። ኢሚዩኖጅንም ሌላ ከማይታንሲን የተወለደ መርዝ የተጫነበት የእንቁልጢ ካንሰር መድኃኒት በ2022 አስፈቅዶ፣ በዓመቱ አብቪ የተባለው ኩባንያ በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ።

አሁን ታሪኩ እንደገና እየተቀየረ ነው። ኤንኸርቱ የተባለው አዲስ መድኃኒት በዚያው በትራስቱዙማብ ላይ ሌላ መርዝ ይጭናል፤ የዚህኛው ዘር ከአንድ የቻይና ዛፍ ከተገኘ ውህድ ይመጣል። በእያንዳንዱ ሞለኪውል ላይ ስምንት ያህል ይጫናል፤ መርዙም ከተለቀቀበት ሕዋስ ወጥቶ አጠገቡ ያሉትን የካንሰር ሕዋሳት ይገድላል። ስለዚህ ኸር2 በጥቂቱ ብቻ የሚታይባቸውን፣ ቀድሞ «ኔጌቲቭ» ይባሉ የነበሩ ሕመምተኞችን ጭምር ጠቅሟል። ከካድሳይላ ጋር ፊት ለፊት በተወዳደረባቸው ሙከራዎች በልጧል፤ በ2025 ይፋ የሆነው ውጤት ካድሳይላ ዋና ቦታ በያዘበት ቀደም ባለው የበሽታ ደረጃ ላይ ሳይቀር መብለጡን አሳይቷል። ሳንባን የሚያቃጥል፣ አንዳንዴም የሚገድል የጎንዮሽ ጉዳት ስላለው ክትትል የግድ ይላል።

ለእኛ የሚያገባን እዚህ ላይ ነው። ሀብታሙ ዓለም ወደ አዲሱ ሲሻገር አሮጌው ይረክሳል። ህንድ ውስጥ ዛይደስ የተባለው ኩባንያ በ2021 የካድሳይላን ተመሳሳይ ለገበያ አቅርቧል፤ ዋጋው ከመነሻው በብዙ ያነሰ ነው። ትራስቱዙማብም በዚሁ መንገድ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፣ በ2019 ደግሞ የመጀመሪያውን ተመሳሳይ ምርት ጥራት አረጋገጠ። መነሻው ሁልጊዜ «ለድሃ አገር የማይሞከር» ነው፤ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን የሚሞከር ይሆናል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል። በሌላው ዓለም የሚታየው ድርሻ ለእኛም ቢሠራ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ2,400 የማያንሱት ካንሰራቸው ኸር2 የበዛበት ነው። ማን ማን እንደሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም።

ለምን አይታወቅም? የምርመራውን መንገድ በቅርብ ማየት ነው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የጡት እብጠት የሚመረመረው በቀጭን መርፌ በሚወሰድ ናሙና ነው። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ካንሰር ነው አይደለም ለማለት ይረዳል። ኸር2ን ለማወቅ ግን ወፈር ባለ መርፌ ወይም በቀዶ ጥገና የተወሰደ ቁራጭ፣ ማለትም ባዮፕሲ ያስፈልጋል። ቁራጩ ከሰውነት ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በትክክል የተበጠበጠ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆያል። ካነሰ ፕሮቲኑ አይያዝም፣ ከበዛ ይበላሻል። ከዚያ በፓራፊን ሰም ይጋገራል፣ ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት ይላጣል፣ በልዩ ማቅለሚያ ይነከራል፤ የናሙና ምርመራ ሐኪሟ፣ ማለትም ፓቶሎጂስቷ፣ በማይክሮስኮፕ አይታ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ትሰጠዋለች። 3 ከሆነ ኸር2 አለ፤ 2 ከሆነ አጠራጣሪ ነውና ሌላ የዘር ምርመራ ይጠይቃል።

አሁን ይህን ሰንሰለት ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ የዞን ሆስፒታል ላይ አስቀምጡት። ቀዶ ጥገናው በሙያው ደህና ይሠራል። ፎርማሊኑ ግን መቼ እንደተበጠበጠ አይታወቅም፣ ወይም ለቁራጩ የማይበቃ ጥቂት ነው። ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ በላስቲክ ቋጥሮ በአውቶቡስ ይዞት ይሄዳል። የማቅለሚያው ኬሚካል ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ያልቃል፤ የግል ላቦራቶሪ ከተሄደ ዋጋው ከኪስ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የተገኘ «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት የካንሰሩን ጠባይ ይናገር ወይስ የፎርማሊኑን ጉድለት ማን ያውቃል? ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መድኃኒት በእርዳታ ቢመጣ እንኳ በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ለማን ይሰጣል?

ምርመራው የሚጠቅመው ለውድ መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ትልቁ ትርፍ በርካሹ ላይ ነው። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ለሆርሞን የማይታዘዝ ነው የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ሠፍኖ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ሃሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትብብር ሠርተው በ2014 ያሳተሙት ጥናት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ ይህን ሲፈትሽ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፌን የሚባል፣ ዕድሜ ጠገብ፣ ርካሽ፣ በአፍ የሚዋጥ እንክብል አለ፤ ማቀዝቀዣም የደም ሥር መስጫም አይሻም። ሳይመረመሩ ቢቀሩ ኖሮ በተሳሳተ እምነት የሚታለፉ ሴቶች ናቸው።

«ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ጨረሩ፣ መጀመሪያ ኬሞው ይሟላ» የሚሉ ሐኪሞችን አውቃለሁ፤ ድካማቸውን እያየሁ ልቃወማቸው ይከብደኛል። ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል መላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የምታገኘው ከጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረማያን የመሰሉት የተጨመሩት በቅርብ ነው። ግን ፓቶሎጂን ከሌላው አስቀድሞና አስከትሎ ማየት ስህተት ይመስለኛል፤ ኬሞውንም በትክክል የሚያዘው እርሱ ነው። ደግሞም ተሳክቶ ያየነው ምሳሌ አለን። ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በ2001 ሲወጣ አንድን የደም ካንሰር ዓይነት በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ወደሚያኖር ሕመም የለወጠ፣ ዋጋው ግን የማይቀመስ መድኃኒት ነበር። በነፃ ዕርዳታ ፕሮግራም ወደ ጥቁር አንበሳ መጣ፤ ሕመምተኞችም ለዓመታት እየወሰዱት ኖሩ። ፕሮግራሙ ግን መድኃኒቱን ለማንም አልሰጠም። የዘር ለውጡ በምርመራ የተረጋገጠለት ብቻ ነበር የሚቀበለው። መድኃኒቱን ያመጣው የምርመራ ወረቀቱ ነው።

የውጭ አገር ዘመዶች ጉዳይም አለ። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ሰው «እህታችን ጡቷን ታማለች፣ መድኃኒት ላክ» የሚል ስልክ ሲደርሰው ያለውን ሁሉ ሊሸጥ ይነሳል። ይህ ፍቅር ያስከብራል። ነገር ግን ካድሳይላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መጓዝ ያለበት ዱቄት ነው፤ በሻንጣ አይላክም። ከንግድ ስሙ ሌላ ያለው የመድኃኒቱ ስም ከትራስቱዙማብ (ሄርሴፕቲን) ጋር ስለሚቀራረብ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይሰጥ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፤ መጠናቸው የተለያየ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኸር2 ለሌላት ሴት ከንቱ ነው። ዘመድ መጀመሪያ ሊከፍልለት የሚገባው ምርመራው ነው፤ ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የተክሉን ባለቤትነት ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ናሙናው ከአገር ሲወጣ፣ ተክል ወሳጅ ከተክሉ አገር ጋር ጥቅም እንዲጋራ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ የመጣው በ1992፣ የናጎያ ፕሮቶኮል በ2010፣ የኛው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 በ2006 ነው። የካድሳይላ ፓተንት የተያዘው በተክሉ ላይ ሳይሆን በጥምረቱ ላይ ነው፤ ውህዱም ዛሬ ከባክቴሪያ ይመረታል። በሕግ የሚያዝ ነገር አይታየኝም። በጤፍ ጉዳይ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 የሆላንዱን ፓተንት ውድቅ ማድረጉ ተስፋ ሰጥቶናል፤ የአጣጡ ግን ሌላ ነው። በሞራል ግን ጠንካራ መደራደሪያ ይመስለኛል። የመድኃኒት ግዥ ተደራዳሪዎቻችን ከካድሳይላ ባለቤት ኩባንያ ጋር ሲቀመጡ ይህን ታሪክ በጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡት እወዳለሁ። ኩባንያው የሚመልሰውን ከአሁኑ እሰማዋለሁ፦ «መድኃኒቱን ብንሰጣችሁ የሚያስፈልጋቸውን ሕመምተኞች መለየት ትችላላችሁ?»

ለዚህ መልስ የሚያስፈልገው ወጪ ከጨረር መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በየክልሉ በትክክል የተበጠበጠ ፎርማሊን፣ ናሙና የሚያጓጉዝ ሥርዓት፣ የማቅለሚያ ኬሚካል ቋሚ በጀት፣ ጥቂት በደንብ የተደራጁ ማዕከላዊ ላቦራቶሪዎች፣ ውጤቱን የሚፈትሽ የውጭ ጥራት ቁጥጥር። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ በፖስታና በሞተር ብስክሌት የሚሄድበት መንገድ በአገራችን ተዘርግቷል፤ የጡት ናሙና በዚያው የማይጓዝበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ሕመምተኛዋና ቤተሰቧ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። ቀዶ ጥገናው ከመሠራቱ በፊት «ናሙናው ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የፓቶሎጂው ወረቀት ሲመጣ ካንሰር መሆኑን ብቻ ሳይሆን የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይና የኸር2 ውጤት የተጻፈበት መሆኑን ማየት፣ ካልተጻፈ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። በሰም የተጋገረው ናሙና ብሎክ ይባላል፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ሊመረመር ይችላል። ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራላት፣ ያኔ ምርመራው ያልተሟላላት ሴት ላቦራቶሪውን ብሎኳን ጠይቃ፣ ሙሉ ምርመራ ወደሚሠራበት ቦታ ልትወስደው ትችላለች።